ውሃ ማፍላት ፀረ-ተባይ ኬሚካልን ያጠፋል? ቆቦና ራያ ቆላ ቤተሰብ ያላችሁ ይህን አንብቡ



በውስጥ መስመር በተለያየ መልክ ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ አለ። «ዶክተር፣ ወላጆቼ ቆቦ ናቸው። ከውሃ ጉድጓዳቸው አጠገብ ሽንኩርት ይለማል፣ መድኃኒት ይረጫል። ውሃውን አፍልተው እንዲጠጡ ነግሬያቸዋለሁ። ይበቃል አይደል?»

አጭሩ መልስ፦ አይበቃም።

ማፍላት ጀርም ይገድላል። ፀረ-ተባይ ኬሚካል ግን ሕይወት ያለው ነገር አይደለም፤ በእሳት አይገደልም። እንዲያውም ውሃው ብዙ ሲፈላና ሲተን አብዛኛው ኬሚካል ከታች ስለሚቀር፣ በቀረው ውሃ ውስጥ መጠኑ ሊጨምር ይችላል። ውሃ አጋርም ሆነ ሌላ ክሎሪን እንደዚሁ ነው፤ ሥራው ጀርም ላይ ነው።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ላስምርበት። «እንግዲያው ማፍላትና ክሎሪን ጥቅም የላቸውም» ብላችሁ እንዳታቆሙ! ተቅማጥ፣ ታይፎይድና ኮሌራ በቀናት ውስጥ ሰው ያጠፋሉ። ጀርሙን መከላከል ግዴታ ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ከዚያ በተጨማሪ ስላለው ሌላ ጉዳይ ነው። የቦኖ ውሃ አትጠጡ እያልኩም አይደለም።

(ዓመቶቹን የጻፍኩት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

🔹 ለምን ቆቦ? ለምን ራያ?

አካባቢውን የማታውቁት ካላችሁ፦ ቆቦ ከወልዲያ በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ወደ አላማጣና መቀሌ በሚወስደው አስፋልት ዳር ያለች ከተማ ናት። በምዕራብ ከፍ ያለው ተራራ፣ በምሥራቅ የዞብል ሰንሰለት፣ መሀሉ ሰፊ ለጥ ያለ ሜዳ። ጎብዬ፣ ሮቢት፣ ቆቦ፣ ዋጃ እያለ ይቀጥላል።

ሜዳው ዝናብ ያጥረዋል፤ ግን ከተራራው የሚወርድ ጎርፍ አለው። የራያ ገበሬ ጎርፍ ጠልፎ ማሽላና ጤፍ ማብቀል ከጥንት ጀምሮ ያውቅበታል። ያ ጎርፍ ለዘመናት ያመጣው አሸዋ፣ ጠጠርና ደለል ነው ከመሬት በታች ውሃ ያጠራቀመው። በዚህ ከርሰ ምድር ውሃ ላይ የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ በፓምፕና በጠብታ መስኖ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና በርበሬ መልማት ጀመረ። ለአካባቢው ትልቅ በረከት ነው።

ነገር ግን ልብ በሉ፦ መስኖው የሚጠጣውም ሰው የሚጠጣውም ከዚያው ከርሰ ምድር ነው። አትክልት ደግሞ ከማሽላ ይልቅ ብዙ ርጭት ይፈልጋል። ሽንኩርት ላይ ትሪፕስ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ፣ ቲማቲም ላይ ትሉና የቅጠል በሽታው ገበሬውን ፋታ አይሰጡትም። ከላይ የሚረጨውና ከታች የሚቀዳው በአሸዋና በጠጠር ብቻ ሲለያዩ መጠንቀቅ ያለብን ለዚህ ነው።

በዚህ ላይ አንበጣው አለ። በ2020 የበረሃ አንበጣ ራያንና ቆቦን ሲወርር ሰዉ በጩኸት፣ በቆርቆሮ ድምፅና በጅራፍ ሲከላከል አይተናል። በዚያ ወረርሽኝ በአገራችን ለርጭት ከዋሉት ኬሚካሎች መካከል ማላታይንና ክሎርፒሪፎስ ይገኙበታል። ክሎርፒሪፎስን የአውሮፓ ኅብረት በዚያው በ2020 ከገበያው አስወጥቶታል። በ2025 ደግሞ በስቶክሆልም ስምምነት ከሚወገዱ ኬሚካሎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል፤ ለተወሰኑ አገልግሎቶች ብቻ ጊዜያዊ ፈቃድ ቀርቶለታል።

🔹 «መድኃኒት» የምንለው ነገር

ገበሬው ጋ ሄዳችሁ «ፀረ-ተባይ» ብትሉት ይገባዋል፤ እሱ ራሱ ሲጠራው ግን «መድኃኒት» ነው የሚለው። «የሽንኩርት መድኃኒት»፣ «የአረም መድኃኒት»፣ «የነቀዝ መድኃኒት»። እኔ እንደ ሐኪም ይህ ስም ያሳስበኛል። መድኃኒት ሲባል የሚያድን ነገር ነው የሚመስለው። መድኃኒት የነበረበት ጠርሙስ ታጥቦ ዘይት ቢያዝበት ማን ይጠረጥራል? ለዚህ ነው ቤተሰብ ጋ ስትደውሉ «መርዙን የት ነው የምታስቀምጡት?» ብላችሁ በስሙ ጥሩት የምለው።

ከእነዚህ ኬሚካሎች አንዳንዶቹ ታግደዋል። ትልቁ ምሳሌ ዲዲቲ ነው። ታላላቆቻችን የወባ ርጭት ሲባል ግድግዳው ላይ የሚቀረውን ነጭ ዱቄት ያስታውሱታል። ዲዲቲ በአዳሚ ቱሉ ፋብሪካ አገር ውስጥ ይዘጋጅ ነበር። ትንኟ ስለተላመደችው፣ ለቤት ውስጥ ርጭት በ2009 አካባቢ በሌላ ኬሚካል ተተካ። ለእርሻ መጠቀም ደግሞ በስቶክሆልም ስምምነት ክልክል ነው። ለጥጥና ለአትክልት በብዛት ይረጭ የነበረው ኢንዶሰልፋንም በ2011 ወደ ዝርዝሩ ገብቷል።

«ከታገደ ታዲያ ምን ያስጨንቀናል?» ትሉ ይሆናል። ሁለት ምክንያት አለ።

አንደኛ፣ እገዳው ወረቀት ላይ ነው፤ ኬሚካሉ ደግሞ አፈር ውስጥ። ዲዲቲ አፈር ውስጥ ለዓመታት፣ አንዳንዴም ለአሥርት ዓመታት ይቆያል።

ሁለተኛ፣ የድሮ ክምችት። አገራችን ጊዜ ያለፈባቸው ፀረ-ተባዮች በብዛት ከተከማቹባቸው የአፍሪካ አገሮች አንዷ ነበረች። ከ2000 ጀምሮ በተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ድጋፍ በተሠራው የማስወገድ ሥራ በመጀመሪያው ዙር ብቻ 1,500 ቶን ገደማ ተሰብስቦ፣ በመርከብ ፊንላንድ ድረስ ተወስዶ ነው የተቃጠለው። ይህን ያህል ርቀት የተጓዘው አደገኛ ስለሆነና እንዲህ ያለውን መርዝ በደህና የሚያቃጥል ልዩ ምድጃ ስለሚፈልግ ነው። አንድ ሰው ጓሮው ላይ ባዶ ጠርሙስ ሲያቃጥል ወይም ሲቀብር ይህን ያስታውስ።

ሕግም አለን። የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) ያልተመዘገበ ፀረ-ተባይ መሸጥንም መጠቀምንም ይከለክላል። ገበያ ላይ በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ፣ መለያ ወረቀት ሳይኖረው የሚሸጥ ኬሚካል ምን እንደሆነ ሻጩ ራሱ ላያውቀው ይችላል። የታገደው ኬሚካል ቤት የሚገባበት ዋናው በር ይህ ነው።

🔹 ውሃ ውስጥ የሚገባው በምን መንገድ ነው?

አራት መንገዶችን እንይ።

1️⃣ በጎርፍ። እንደ ዲዲቲ ያሉት ኬሚካሎች ውሃ ውስጥ በቀላሉ አይሟሙም፤ አፈር ላይ ይጣበቃሉ። ስለዚህ ጎርፍ አፈሩን ሲጠርግ አብረው ይጓዛሉ። ደፍራሽ የወንዝና የኩሬ ውሃ የሚያሰጋው ለዚህ ነው።

2️⃣ በስርገት። ሌሎቹ፣ ለምሳሌ ገበሬው ቱፎርዲ የሚለው ፀረ-አረም፣ ውሃ ውስጥ በደንብ ስለሚሟሙ ከመስኖ ወይም ከዝናብ ውሃ ጋር ወደ ታች ይሰርጋሉ። ፀሐይና የላይኛው አፈር ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ሕዋሳት ብዙዎቹን ይሰባብሯቸዋል፤ ወደ ከርሰ ምድር ከዘለቁ በኋላ ግን ፀሐይ የለም፣ መሰባበሩም ይዘገያል። በእጅ የተቆፈረ ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ ቶሎ ይጠቃል፤ በደንብ የተገነባ ጥልቅ ጉድጓድ የተሻለ ጥበቃ አለው።

3️⃣ በጉድጓዱ አፍ። በጣም የሚያሳዝነው ይህ ነው፤ ምክንያቱም በቀላሉ ይቀራል። ሰው የጀርባ መርጫውን የሚሞላው ውሃ ያለበት ቦታ ነው። እዚያው ይበጠብጣል፣ እዚያው ያጥባል፣ የተረፈውን እዚያው ይደፋል። ሌላም አለ፦ የፓምፑን ጎማ በርሜሉ ውስጥ ነክሮ ኬሚካል እየበጠበጠ መብራት ቢጠፋ፣ ጎማው የተበጠበጠውን ወደ ኋላ ስቦ ጉድጓዱ ውስጥ ሊመልሰው ይችላል። ኬሚካል በጠብታ መስኖ መስመር የሚለቀቅ ከሆነም፣ ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው ቼክ ቫልቭ ከሌለ አደጋው ያው ነው።

4️⃣ በዕቃ። ባዶው የኬሚካል ጄሪካን ጠንካራ ነው፣ ክዳኑ አይፈስም፣ ያሳሳል። ታጥቦ ውሃ መቅጃ ይሆናል። ፕላስቲክ ግን ኬሚካል ይመጣል፤ አስር ጊዜ ብታጥቡት በኋላ ቀስ እያለ ወደ ውሃው ይለቀዋል። በአንድ ቀን ቤተሰብ ሙሉ ሊያሳምም የሚችለው መንገድ ይህ ነው።

መጠኑን በሚጨበጥ ነገር ላስረዳችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የዲዲቲ ጣሪያ በአንድ ሊትር 1 ማይክሮግራም ነው። ማይክሮግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ይህም ማለት አንድ ግራም ዲዲቲ፣ ማለትም አንድ ቁንጥጫ፣ 50,000 ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ውሃን እስከ ጣሪያው ለማድረስ ይበቃል። የክሎርፒሪፎስ ጣሪያ 30 ማይክሮግራም ነው። በዚህ መጠን ውሃው አይሸትም፣ ቀለሙ አይለወጥም፣ ጣዕሙም ያው ነው። «ውሃችን ኩልል ያለ ነው» የሚለው ማረጋገጫ አይሆንም።

በአገራችን ተመርምሮ ያውቃል ወይ? አዎ። በጅማ ዞንና በአዲስ አበባ ከተወሰዱ የውሃ ናሙናዎች ላይ ተሠርቶ በ2016 የታተመ ጥናት ቱፎርዲ፣ ማላታይን፣ ዲያዚኖንና ፒሪሚፎስ ሜታይል (የነቀዙ አክቴሊክ) አግኝቷል። ስለዚህ «ይህ የፈረንጅ አገር ችግር ነው» አንበል።

🔹 ሁለት ደሴቶች ምን ያስተምሩናል?

ነገሩ ችላ ሲባል ምን እንደሚመስል ለማየት ካሪቢያን ባሕር ላይ ወዳሉት ወደ ጓድሉፕና ማርቲኒክ እንሂድ። ሁለቱም በፈረንሳይ ሥር ያሉ፣ ሙዝ የሚያመርቱ ደሴቶች ናቸው።

ሙዙን የሚያጠቃ ጥንዚዛ ነበር። እሱን ለማጥፋት ከ1972 ጀምሮ ክሎርዴኮን የሚባል ኬሚካል ተጠቀሙ። በ1975 አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ይህንኑ ኬሚካል የሚያመርት ፋብሪካ ሠራተኞቹ እየተንቀጠቀጡና ነርቫቸው እየተጎዳ በመታመማቸው ተዘጋ። ማስጠንቀቂያው ነበረ ማለት ነው። ፈረንሳይ ግን ያገደችው በ1990 ነው፤ በደሴቶቹ ላይ ደግሞ በልዩ ፈቃድ እስከ 1993 መረጨቱ ቀጠለ።

ከዚያስ? መረጨቱ ቆመ፤ ሰዉም ረሳው። በ1999 እና 2000 የምንጭና የቧንቧ ውሃ በደንብ ሲመረመር ኬሚካሉ እዚያው ተገኘ። አፈሩ ውስጥ ቆይቶ፣ በየዝናቡ ትንሽ በትንሹ እየወረደ። የአንዳንድ ምንጮች ውሃ ከአገልግሎት ወጣ፤ ሌሎቹ ላይ ውሃው በአክቲቭ ካርቦን እንዲጣራ ማጣሪያ ተተከለ። ያ ካርቦን ደግሞ ሲጠግብ በየጊዜው መቀየር አለበት። ማለትም ውሃው በየዓመቱ ወጪ ይጠይቃል። ዛሬም።

ከሁለቱ ደሴቶች አዋቂ ነዋሪዎች ከ90 በመቶ በላይ በሚሆኑት ደም ውስጥ ክሎርዴኮን ተገኝቷል። በጓድሉፕ የተሠራ ጥናት በደም ውስጥ ያለው መጠን ከፍ ሲል የፕሮስቴት ካንሰር ዕድልም ከፍ እንደሚል አሳይቷል። አፈሩ ሙሉ በሙሉ እስኪጸዳ እንደየአፈሩ ዓይነት መቶዎች ዓመታት ሊወስድ ይችላል ተብሎ ይገመታል።

እኔ ከዚህ የምወስደው አንድ ትምህርት ነው፦ ሀብታም አገር እንኳ ከተበከለ በኋላ የከርሰ ምድር ውሃን ማጽዳት አልቻለም፤ የቻለው እያጣራ መጠጣት ብቻ ነው። ቆቦ ላይ በየቦኖው አክቲቭ ካርቦን ተክሎ በየጊዜው መቀየር ይቻላል ወይ? እናንተው መልሱት። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው።

🔹 ሰውነታችን ላይ ምን ያደርጋል?

ሁለት ዓይነት ጉዳት አለ፤ አታምታቱት።

👉 ድንገተኛ መመረዝ። ይህ የሚሆነው ብዙ መጠን በአንድ ጊዜ ሲገባ ነው፤ ለምሳሌ በኬሚካል ጄሪካን የተቀዳ ውሃ ሲጠጣ። ማላታይን፣ ክሎርፒሪፎስና ዲያዚኖን አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ምልክታቸውም ተመሳሳይ ነው፦

▪️ ምራቅ መዝረብረብ፣ እንባ፣ ብዙ ላብ
▪️ ትውከት፣ ሆድ ቁርጠት፣ ተቅማጥ
▪️ የዓይን ብሌን መጥበብ፣ ብዥታ
▪️ የጡንቻ መርገፍገፍና መዛል
▪️ ትንፋሽ ማጠር፣ ደረት ውስጥ አክታ መሙላት
▪️ ከባሰ መንቀጥቀጥና ራስን መሳት

ትውከትና ተቅማጥ ስላለው ኮሌራ ወይም የምግብ መመረዝ ሊመስል ይችላል። ልዩነቱን የሚጠቁሙት ምራቁ፣ ላቡና የጠበበው ብሌን ናቸው። ስለዚህ ከአንድ ቤት ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ከታመመ፣ ጤና ጣቢያ ስትደርሱ ሳትጠየቁ ተናገሩ፦ «ቤታችን ኬሚካል አለ»፣ «ትናንት ተረጭቷል»፣ «ውሃውን በዚህ ዕቃ ነው የቀዳነው»። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ሕይወት ታተርፋለች፤ ምክንያቱም አትሮፒን የሚባል ማርከሻ መድኃኒት አለ፤ ቶሎ ሲጀመር ነው የሚሠራው።

እስከዚያው ምን እናድርግ? ልብሱን አውልቁ፤ ገላውን በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠቡ (እናንተም ጓንት ወይም ፌስታል እጃችሁ ላይ አድርጉ)። እንዲያስመልሰው አታስገድዱ። ወተት፣ ዘይት፣ አረቄ አትስጡ። ራሱን ከሳተ በጎኑ አስተኙት። የኬሚካሉን ዕቃ ከነመለያ ወረቀቱ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው፤ አምቡላንስ የሚዘገይ ከሆነ ባገኛችሁት መኪና ሂዱ።

👉 የረጅም ጊዜ ጉዳት። ትንሽ ትንሽ መጠን ለዓመታት ሲገባ ምልክት የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ዲዲቲን «ለሰው ካንሰር አምጪ ሊሆን የሚችልበት ዕድል ሰፊ ነው» በሚለው መደብ ውስጥ አስቀምጦታል። የክሎርፒሪፎስ ትልቁ ሥጋት ደግሞ የፅንስና የሕፃናት የአእምሮ እድገት ነው። ስለዚህ ነፍሰ ጡሮችና ትንንሽ ልጆች ቅድሚያ ይሰጣቸው። ርጭት ባለበት ቀን ከማሳው ይራቁ፤ የተረጨበትን ልብስም ነፍሰ ጡር አትጠብ።

«በጡት ወተትስ ያልፋል?» አዎ፣ ዲዲቲ ስብ ውስጥ ስለሚከማች ያልፋል። በጅማ አካባቢ ተሠርቶ በ2013 የታተመ ጥናት በእናቶች ጡት ወተት ውስጥ አግኝቶታል። ነገር ግን እባካችሁ ማንም እናት ይህን አንብባ ጡት ማጥባት እንዳታቆም! የጡት ወተት ጥቅሙ ከዚህ ሥጋት እጅግ ይበልጣል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም የሚመክረው ማጥባትን ነው። ወተቱን በዱቄት ለመተካት ያው ውሃ መጠቀም ሊኖር ነው እኮ!

🔹 ምን ያጣራል? ምን አያጣራም?

❌ ማፍላት፦ ጀርም ይገድላል፤ ኬሚካል አያስወግድም።
❌ ውሃ አጋርና ሌላ ክሎሪን፦ ያው ለጀርም ነው።
❌ ሎሚ፣ ጨው፣ ነጭ ሽንኩርት መጨመር፦ ምንም አያደርጉም።
❌ የማገዶ ከሰል፦ ማጣሪያ ውስጥ ያለው አክቲቭ ካርቦን በልዩ ሙቀት የተዘጋጀ ነው። የምድጃውን ከሰል ውሃ ውስጥ መክተት አይተካውም።
⚠️ ማስቀመጥ፣ በነጠላ ማጥለል፣ ሽፈራው፦ ጭቃውን ያወርዳሉ፤ ከጭቃው ጋር የተጣበቀውን ያህል ይቀንሳሉ። የተሟሟውን አይነኩትም።
✅ አክቲቭ ካርቦን ያለው ማጣሪያ፦ ብዙዎቹን ፀረ-ተባዮች ይይዛል። ግን ጊዜው ሲያልፍ የያዘውን መልሶ ሊለቅ ስለሚችል በተባለው ጊዜ መቀየር ግድ ነው።
✅ ሪቨርስ ኦስሞሲስ፦ የታሸገ ውሃ ፋብሪካዎችና አንዳንድ የቤት ማጣሪያዎች የሚጠቀሙት ዘዴ ነው፤ ብዙውን ያስቀራል፤ ዋጋውና የሚያባክነው ውሃ ግን ከፍ ያለ ነው።

ከተማ ሆናችሁ ለወላጆቻችሁ ማጣሪያ ልትገዙ የምታስቡ፣ ሻጩን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ «አክቲቭ ካርቦን አለው?» እና «መቀየሪያው የት ይገኛል፣ ስንት ነው?»። መቀየሪያ የሌለው ማጣሪያ ከስድስት ወር በኋላ የቤት ጌጥ ነው።

🔹 ታዲያ ምን እናድርግ?

ዋናው መከላከያ ኬሚካሉ ውሃው ጋ እንዳይደርስ ማድረግ ነው። አብዛኛው ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም።

🏠 ቤት ውስጥ
▪️ የኬሚካል ዕቃ ለውሃ፣ ለዘይት፣ ለጠላ፣ ለእህል በፍጹም! ዛሬ ቤት ውስጥ ካለ ከአገልግሎት አውጡት።
▪️ ኬሚካልን በሃይላንድ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ አትቅዱ። ልጅ ለስላሳ መስሎት ይጠጣዋል።
▪️ ከምግብና ከውሃ ርቆ፣ በቁልፍ ይቀመጥ።

🌱 ማሳ ላይ
▪️ መበጥበጥና መርጫ ማጠብ ከጉድጓድ፣ ከምንጭና ከወንዝ ርቆ፣ ውሃው በማይወርድበት በኩል ይሁን። ውሃውን በሌላ ባልዲ ወደ ማሳው ውሰዱ።
▪️ የፓምፕ ጎማ የተበጠበጠ ኬሚካል ውስጥ አይነከር። ጎማው ከበርሜሉ አፍ ከፍ ብሎ ይቅዳ።
▪️ ባዶውን ዕቃ ሦስት ጊዜ አለቅልቃችሁ እጣቢውን መርጫው ውስጥ ጨምሩና ማሳው ላይ ርጩት። ከዚያ ዕቃውን ብሱት፤ ማንም ውሃ እንዳይቀዳበት። የት እንደሚሰበሰብ የልማት ጣቢያ ሠራተኛውን ጠይቁ።
▪️ ደመና ሲከብድ አትርጩ። ዝናቡ ጠርጎ ሲወስደው ብሩም መርዙም አብሮ ይሄዳል።
▪️ መለያ ወረቀት የሌለውን አትግዙ። የድሮ ዲዲቲ ወይም የማይታወቅ ዱቄት ቤት ካለ አትድፉት፣ አትቅበሩት፣ አታቃጥሉት፤ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት አሳውቁ።

🚰 ሰፈርና ከተማ ላይ
▪️ የውሃ ጉድጓድ ዙሪያው በሲሚንቶ ይለበጥ፣ አጥር ይኑረው፣ ጎርፍ የሚያልፍበት ቦይ ይቆፈርለት።
▪️ ለመጠጥና ለመስኖ የሚሆን ውሃ ከተለያየ ጉድጓድ ቢሆን ይመረጣል።
▪️ የከተማውን ውሃ አገልግሎት ጠይቁ፦ «ውሃው ለፀረ-ተባይ ተመርምሯል?» የተለመደው የጀርምና የክሎሪን ምርመራ ይህን አያሳይም፤ ጋዝ ክሮማቶግራፊ የመሰለ መሣሪያ ያለው ላቦራቶሪ ያስፈልጋል። ምርመራው ውድ ስለሆነ ለአንድ ቤተሰብ ይከብዳል፤ ለከተማ ግን ተገቢ ጥያቄ ነው። ከርጭት ወቅት በኋላና ከመጀመሪያው ትልቅ ጎርፍ በኋላ የሚወሰድ ናሙና የበለጠ ይናገራል።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ይህን የምታነቡት አብዛኞቻችሁ አዲስ አበባ፣ ደሴ፣ ባሕር ዳር ያላችሁ ናችሁ። መርጫውን የሚሸከሙት ደግሞ አባቶቻችሁና ወንድሞቻችሁ ናቸው፤ ይህን ጽሑፍ ላያዩት ይችላሉ። ስለዚህ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ደውሉላቸው። ሰላምታው ካለቀ በኋላ «ውሃ የምትቀዱበት ጄሪካን መጀመሪያ ምን ነበረበት?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «የመድኃኒት» ከሆነ፣ በሚቀጥለው የገበያ ቀን አዲስ ጄሪካን እንዲገዙ የምትልኩት ብር ከማንኛውም ማጣሪያ ይበልጣል።

ጥያቄ ካላችሁ በአስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልኝ፤ እመልሳለሁ።